የእንፋሎት ባቡር ትንፋሽ

በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ያለችው መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠረፍ በ1 ሜትር ኩብ አየር የሚነድ ከሰል በቦረና ደጋ 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል። የደጋው አንጥረኛ ይህን ጉድለት የሚሞላው በወናፉ ነው። ሁለቱን የቆዳ ከረጢቶች እያፈራረቀ ይጫናል፤ አየሩም በሸክላው አፍ በኩል ፍሙ ውስጥ ይገባል።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭም ወናፍ አለው። ልዩነቱ አየር አለመግፋቱ ነው፤ ይስባል። የሚገኘውም እሳቱ አጠገብ አይደለም። ከእሳቱ በጣም ርቆ፣ በሌላኛው የማሽኑ ጫፍ፣ ጭስ ማውጫው ሥር ነው። የአሮጌ ሎኮሞቲቭ ማሻሻያዎችን አንድ በአንድ ያገላበጠ ሰው፣ ብልሃተኛ እጆች ደጋግመው ያረፉት በዚህ ቦታ ላይ መሆኑን ያስተውላል።

ማሽኑን ከጎን እንየው። ከኋላ የእሳት ክፍሉ አለ። ወለሉ የብረት ፍርግርግ ነው፤ ከሰሉ የሚነደው እዚያ ላይ ነው። መሐሉ ረጅም፣ ክብ ቦይለር ነው። በውሃው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ በርካታ ቱቦዎች ተዘርግተዋል። የእሳቱ ትኩስ ጋዝ በቱቦዎቹ እያለፈ ውሃውን ያፈላና ፊት ለፊት ካለው የጭስ ክፍል ይደርሳል። ጭስ ማውጫው ከዚህ ክፍል ጣሪያ ላይ ቆሟል። ከሥሩ፣ ልክ በጭስ ማውጫው መሐል አቅጣጫ፣ ወደ ላይ የዞረ የብረት አፍንጫ አለ።

እንፋሎቱ ፒስተኑን ገፍቶ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በዚህ አፍንጫ ይወጣል። ወደ ላይ ሲወነጨፍ በዙሪያው ያለውን ጭስ እየጎተተ ይሄዳል። የጭስ ክፍሉ ግፊት ዝቅ ይላል። ያ ጉድለት በቱቦዎቹ በኩል እስከ እሳቱ ይዘልቃል፤ አዲስ አየር በፍርግርጉ ሥር ይገባል። ባቡሩ በፈጠነና ጭነቱ በከበደ መጠን የሚወጣው እንፋሎት ይበዛል፤ እሳቱም በዚያው ልክ ይጋጋላል። የሚቆጣጠረው ሰው የለም፤ ማሽኑ ራሱን ይመጥናል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ትሬቪቲክ በ1804 እ.ኤ.አ. ያገለገለውን እንፋሎት ወደ ጭስ ማውጫው አዙሮ ለቆታል። ከዚያ በኋላ በተሠሩት የእንፋሎት ባቡሮች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ መርሑ ይኸው ነው።

ነገር ግን ዋጋ አለው። አፍንጫው ጠባብ ከሆነ እንፋሎቱ በኃይል ይወነጨፋል፤ እሳቱ ደስ ይለዋል። ፒስተኑ ግን የሚያስወጣው እንፋሎት መውጫ ጠቦት ከኋላው ይገፋዋል፤ ከጉልበቱ ይበላል። አፍንጫው ከሰፋ ፒስተኑ ይቀለዋል፤ እሳቱ ግን አየር ያጣል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ መሐንዲሶች በዚህች ቀዳዳ ስፋት ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። ከፍታ ላይ ደግሞ ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። የውጭው አየር ስስ ስለሆነ እንፋሎቱ ለመውጣት በጥቂቱ ይቀለዋል። እሳቱ በአንጻሩ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የመሳቡ ሥራ ይከብዳል።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የእንፋሎት ባቡር ደርሶበት አያውቅም። ወደዚህ ደጋ ታስቦ የተነጠፈ ሐዲድ ግን ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ በተራራው ግርጌ እስካለው ኩማይሌ አካባቢ ድረስ ሐዲድ አነጠፈ። ርዝመቱ 12 ማይል ያህል፣ ወይም 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐዲዱም ሎኮሞቲቮቹም ከሕንድ በመርከብ የመጡ ናቸው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1,676 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የሕንድ ሰፊው መስመር ልክ። ተራራው ሲጀምር ሐዲዱ አለቀ። ቀሪውን መንገድ የሸፈኑት በቅሎዎች፣ ግመሎችና 44 ዝሆኖች ናቸው።

በዚያው ወቅት ዐፄ ቴዎድሮስ ከሌላ አቅጣጫ ሌላ ከባድ ብረት ይዘው ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር። በጋፋት የተቀለጠው መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በሠረገላ ላይ ተጭኖ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ የጅዳንና የበሸሎን ሸለቆ ወርዶ ወጣ። መንገዱ ከፊቱ እየተቆፈረ ነበር የሚሄደው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አረፉ። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው ነው። የዙላው ሐዲድ ግን ጦርነቱ እንዳበቃ ተነቅሎ ተመለሰ።

ስለዚህ ቀጥሎ የምንመለከታቸው ማሽኖች የሌላ አገር ናቸው። ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አፍንጫዋን እንያዝ። አንድ ክብ የእንፋሎት ዓምድ ጭስን የሚጎትተው በመሐሉ አይደለም፤ በዙሪያው ነው። እንፋሎቱና ጭሱ የሚነካኩት በዓምዱ ቆዳ ላይ ብቻ ነው። የዓምዱ መሐል ጭስ ሳይነካ ይወጣል፤ ጉልበቱም አብሮት ይባክናል። እንግዲህ ጥያቄው የስፋት ብቻ አይደለም፤ የዙሪያም ነው። የአፍንጫው ጠቅላላ ስፋት ሳይቀየር አንዱ ቀዳዳ ለአራት እኩል ቀዳዳዎች ቢከፈል፣ የዙሪያቸው ድምር በትክክል ሁለት እጥፍ ይሆናል። ለሰባት ቢከፈል 2.6 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፒስተኑ ምንም አልተጨነቀም፤ ጭሱን የሚይዘው ቆዳ ግን ጨመረ።

ፊንላንዳዊው መሐንዲስ ኪዮስቲ ኪላላ የአራቱን መንገድ ያዘ። ከአፍንጫው በላይ የሚቀመጥ፣ አንዱን የእንፋሎት ዓምድ ለአራት የሚከፍል የብረት ቁራጭ ሠራ። ፈረንሳዊው አንድሬ ሻፕሎን ይህን ወስዶ ከራሱ ሐሳብ ጋር አጋጠመው፤ ውጤቱም በሁለቱ ስም ኪልሻፕ ተባለ። በጭስ ክፍሉ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አፍንጫው። ቀጥሎ አራቱ መክፈያዎች። ከዚያ ከታች ሰፋ፣ ከመሐል ጠበብ ያለ ቀሚስ ቅርጽ ያለው ቱቦ። በመጨረሻ ራሱ ጭስ ማውጫው። በየደረጃው መካከል ክፍተት ተትቷል። ጭሱ በአንድ ቦታ ብቻ አይገባም፤ በየክፍተቱ ይገባል። የታችኛው ክፍተት የታችኞቹን ቱቦዎች ይስባል፤ የላይኛው የላይኞቹን። ቦይለሩ በሙሉ ፊቱ እኩል ይተነፍሳል።

የሥራው ጥራት የሚለካው እነዚህ ክፍሎች በአንድ መሐል መስመር ላይ በመዋላቸው ነው። አፍንጫው በጥቂቱ ካዘነበለ ዓምዱ የቀሚሱን አንድ ጎን ይመታል። መሳቡ ይደክማል፤ የተመታው ጎንም ይበላል። ስለዚህ የሚገጥመው ሰው ከጭስ ማውጫው አፍ ላይ ቱንቢ ይጥላል። የቱንቢው ጫፍ በአፍንጫው መሐል ላይ ማረፍ አለበት። ይህን ሥራ ከውጭ የሚያየው የለም። የጭስ ክፍሉ በር ሲዘጋ ተሸፍኖ ይቀራል።

ሻፕሎን በ1929 የፓሪስ ኦርሌአን ኩባንያን 3566 ቁጥር ሎኮሞቲቭ ሲያድስ ከኪልሻፑ ጋር የእንፋሎቱን መንገድ በሙሉ መረመረ። ከቦይለሩ እስከ ሲሊንደሩ ያሉትን መተላለፊያዎች አሰፋ። ድንገተኛ ማጠፊያዎችን አለዘበ። እንፋሎቱ ከበፊቱ ይበልጥ ትኩስ ሆኖ ወደ ሲሊንደሩ እንዲገባ አደረገ። ማሽኑ ቀድሞ 1,850 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ ነበር፤ ከእድሳቱ በኋላ 3,000 ደረሰ። ጎማዎቹ ያው ናቸው። የተቀየረው በውስጡ የሚያልፈው ነገር የሚጓዝበት መንገድ ነው።

በእንግሊዝ አገር በሐምሌ 1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር የሮጠው ማላርድ ሲሠራ ጀምሮ ድርብ ኪልሻፕ ነበረው። የዚሁ ዓይነት ሎኮሞቲቮች 35 ናቸው። አብዛኞቹ ግን የተሠሩት በነጠላ ተራ አፍንጫ ነበር። ኪልሻፑ የተገጠመላቸው በ1957 እና በ1958 ነው፤ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ገደማ ከሆነ በኋላ፣ የናፍጣ ባቡር በር ላይ ቆሞ ሳለ። ሊሰናበት ለቀረበ ማሽን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ማድረግ ብክነት ሊመስል ይችላል። ይሁንና የተጨመረው ነገር ጥቂት የቀለጠና የታጠፈ ብረት ነበር፤ የሚቆጥበው ከሰል ግን በየቀኑ የሚቆጠር ነው።

የሰባቱን መንገድ የያዘው ኦስትሪያዊው አዶልፍ ጊዝል ነው። እሱ አፍንጫዎቹን በክብ አልደረደረም። በአንድ ቀጥተኛ መስመር፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዱን ከሌላው ቀጥሎ አቆማቸው። መሐለኛው ቀጥ ይላል። የፊተኞቹ ወደ ፊት፣ የኋለኞቹ ወደ ኋላ በጥቂቱ ያዘነብላሉ። ጭስ ማውጫውም ይህን ተከትሎ ጠፍጣፋ ሆነ። ከጎን ሲታይ ሰፊ ነው፤ ወደ ላይም ይበልጥ ይሰፋል። ከፊት ሲታይ ግን እጅግ ቀጭን ነው። መጀመሪያ የሚያየው ሰው የተጨፈለቀ ይመስለዋል። ቅርጹ ግን ከውስጥ የመጣ ነው፤ ለጌጥ የተጨመረበት ነገር የለም።

ይህን ለማየት አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም። የምሥራቅ አፍሪካ ምድር ባቡር በ1955 እና በ1956 ከእንግሊዙ ቤየር ፒኮክ ፋብሪካ 34 ታላላቅ ሎኮሞቲቮች አስመጣ። 59ኛው ክፍል ይባላሉ። እያንዳንዱ ከ250 ቶን በላይ ይመዝናል። ሐዲዱ ግን 1,000 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው መስመር ያው ልክ። ማሽኖቹ የተሰየሙት በአካባቢው ተራሮች ነው፤ ሥራቸውም ከሞምባሳ ጠረፍ ወደ ናይሮቢ ደጋ ጭነት ማውጣት ነበር። የጊዝል ጭስ ማውጫ ኋላ ተገጠመላቸው። በናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ከቆሙት አንዱ ማውንት ጌላይ ይባላል። ከፊቱ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ያን ግዙፍ ቦይለር ያይና ከላዩ ያለው ጭስ ማውጫ በስፋት ከአንድ ስንዝር ብዙም አለመብለጡን ያስተውላል። ከጎን ዞሮ ሲያይ መጠኑ ይገባዋል።

ጣሊያኖቹ አቲሊዮ ፍራንኮና ፒዬሮ ክሮስቲ በሌላ በኩል ገቡ። እነሱን ያሳሰባቸው በጭስ ማውጫው የሚወጣው ሙቀት ነው። ጭሱ ቦይለሩን ካለፈ በኋላም ገና ትኩስ ነው። ያን ሙቀት ይዘን ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ብናሞቅበት አሉ። ለዚህ ሁለተኛ በርሜል ያስፈልጋል፤ እሱም ቱቦዎች አሉት። በጣሊያን 743 ክፍል ሁለት ቀጫጭን በርሜሎች በቦይለሩ ግራና ቀኝ ተጋደሙ። በ741 ክፍል አንድ በርሜል ከቦይለሩ ሆድ ሥር ገባ። ሁለቱም የተሠሩት 740 የሚባሉ አሮጌ ሎኮሞቲቮችን በማደስ ነው።

ጭሱ አሁን ሁለት ጊዜ ይጓዛል። በቦይለሩ ውስጥ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በጭስ ክፍሉ ይዞራል፤ በሁለተኛው በርሜል ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የሚወጣው ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከሾፌሩ ክፍል አቅራቢያ ነው። በ743 ላይ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጭስ ማውጫ አለ። አፍንጫዎቹም አብረው ወደ ኋላ ተዛወሩ። ፊቱ ላይ ጭስ ማውጫ የሌለው የእንፋሎት ባቡር ለዓይን እንግዳ ነው። መንገዱን በጣት የተከተለ ሰው ግን ምክንያቱን ያገኘዋል።

የዚህ ሐሳብ ድክመት የወጣው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1955 አሥር አዳዲስ የ9ኤፍ ሎኮሞቲቮች በዚህ መንገድ ተሠሩ። ከሰል ድኝ አለው። ሲነድ ድኙ ጭሱ ውስጥ ይገባል። ጭሱ ትኩስ ሳለ ችግር የለም። በሁለተኛው በርሜል ውስጥ ብዙ ሙቀት ከተወሰደበት ግን እርጥበቱ በብረቱ ላይ ይጤዛል፤ ከድኙ ጋር ተዋሕዶም አሲድ ይሆናል። አሲዱ ቱቦዎቹንና ጭስ ማውጫውን በላቸው። የተቆጠበው ከሰልም ከተስፋው በታች ሆነ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሁለተኛው በርሜል ከሥራ ወጣ፤ ማሽኖቹ እንደ ሌሎቹ በፊት ጭስ ማውጫ መተንፈስ ጀመሩ። በርሜሉ በደንብ የተሠራ፣ መገጣጠሚያውም ጠንካራ ነበር። ግን ሙቀትን እስከ መጨረሻው መልቀም ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ጥቂት ሙቀት ከጭሱ ጋር እንዲወጣ መተው የሥራው አካል እንደነበረ ያሳየው ይህ ጉዳት ነው።

በደቡብ አፍሪካ የሚጎድለው ውሃ ነበር። የካሩ ምድር ደረቅ ነው። በ1953 አካባቢ 90 ሎኮሞቲቮች፣ 25ኛው ክፍል፣ ያገለገለውን እንፋሎት እንዳይለቁ ተደርገው ተሠሩ። እንፋሎቱ በጭስ ማውጫው አይወጣም። ወደ ኋላ፣ ከሎኮሞቲቩ ጋር ወደተያያዘው የከሰልና የውሃ ተጎታች ይሄዳል። እዚያ በጣሪያው ላይ የሚሽከረከሩ ማራገቢያዎች በራዲያተር ላይ አየር ይነዳሉ፤ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ተመልሶ ቦይለር ይገባል። የውሃ ቁጠባው 90 በመቶ ያህል ነበር።

አሁን ግን እሳቱን የሚስበው ማን ነው? አፍንጫው ቀርቷል። በምትኩ በጭስ ክፍሉ ውስጥ ትልቅ ማራገቢያ ተተከለ፤ የሚያሽከረክረውም ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት የሚያልፈው ያው እንፋሎት ነው። ስለዚህ እነዚህ ባቡሮች የታወቀውን የእንፋሎት ምት አያሰሙም ነበር፤ ድምፃቸው ቀጣይ ፉጨት ነው። ማራገቢያው ግን አመድና የከሰል ብናኝ በሚያዘንብበት ቦታ ነው የተቀመጠው። ምላሶቹ ይበሉ ነበር። ጥገናው ከበደ። ከ1973 ጀምሮ እስከ 1980 ድረስ ሎኮሞቲቮቹ ከአንዷ በቀር ወደ ተራው አፍንጫ ተመለሱ።

በዚህ መመለስ ውስጥ አንድ የሚያምር ሥራ አለ። ከራዲያተሩ ጋር የተሠራው ተጎታች እጅግ ረጅም ነበር። ራዲያተሩና ማራገቢያው ሲነሱ ቦታው ባዶ ቀረ። የጥገና ሠራተኞቹ ተጎታቹን አላሳጠሩትም። በዚያው ሻሲ ላይ፣ በተነሳው ራዲያተር ልክ፣ ረጅም ክብ የውሃ ታንክ አጋደሙ። ተጎታቹ ጠባብና ዝቅ ያለ ሆነ። የባቡር ሰዎች ቅጽል ስም አወጡለት፤ በአፍሪካንስ ቋንቋ ቋሊማ መሳዩን አጭር እግር ውሻ የሚጠሩበትን። ውሃ ለመቆጠብ የተሠራ ሻሲ ውሃ ተሸካሚ ሆነ፤ ያውም ብዙ።

ከዚሁ ቤተሰብ አንዱ ሎኮሞቲቭ፣ ቁጥሩ 3450፣ ከመነሻውም እንፋሎቱን የሚለቅ ነበር። በ1953 በጀርመኑ ሄንሸል ፋብሪካ የተሠራ ነው። በ1981 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዴቪድ ዋርዴል በኬፕ ታውን የሶልት ሪቨር የጥገና ፋብሪካ አደሰው። ሐሳቡን የተማረው ከአርጀንቲናዊው ሊቪዮ ዳንቴ ፖርታ ነው። ማሽኑ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ቀዩ ሰይጣን የሚል ስምም ወጣለት።

ዋርዴል የጀመረው ከፍርግርጉ ነው። በተለመደው እሳት አየሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ከከሰሉ ሥር ይገባል። ሎኮሞቲቩ በርትቶ ሲጎትት መሳቡ ይጠነክራል፤ ደቃቁ ከሰል ሳይነድ ተነስቶ በጭስ ማውጫው ይበራል። በተራራ ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስና የሚዘንበው ብናኝ ያ ነው፤ ያልነደደ ገንዘብ። ዋርዴል የፖርታን ዘዴ ተከትሎ ከሥር የሚገባውን አየር ቀነሰ። ቀሪው አየር በእሳት ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተከፈቱ ቀዳዳዎች ከከሰሉ በላይ እንዲገባ አደረገ። ከሰሉ በመደቡ ላይ በዝግታ ይግላል፤ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በላይኛው አየር ይነዳል። ከአየሩ ጋር ጥቂት እንፋሎት ከፍርግርጉ ሥር ይለቀቃል። እሱ መደቡን ያበርዳል፤ አመዱ ቀልጦ ፍርግርጉን እንዳይደፍን።

ቀጥሎ ጭስ ማውጫው። ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ፣ እያንዳንዳቸው አራት አራት አፍንጫ ያላቸው፣ ወደ ላይ ቀስ እያሉ የሚሰፉ ቱቦዎች ተተከሉ። አራት አፍንጫ ማለት እንዳልነው ሁለት እጥፍ ዙሪያ ነው። ወደ ላይ መስፋቱ ደግሞ የድብልቁን ፍጥነት ወደ ግፊት ይመልሳል። እንፋሎቱ ከበፊቱ ይበልጥ እንዲግል ተደረገ፤ ለዚህም ቅባቱና የፒስተኑ ቀለበቶች መለወጥ ነበረባቸው። አንዱ ለውጥ ሌላውን ይጠራል። በሙከራው ከተመሳሳይ ያልታደሰ ሎኮሞቲቭ ጋር ሲነጻጸር ከሰል 28 በመቶ፣ ውሃ 30 በመቶ ቀነሰ። ከፍተኛው የመጎተት ኃይል 43 በመቶ ጨመረ። ከሩቅ ለሚያየው ግን ከቀለሙና ከጭስ ማውጫው በቀር ያው የ1953ቱ ማሽን ነው።

ከሁሉ የሚለየው የስዊዘርላንዱ ነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ውል በ1894 የተሰጠው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የመጣባት አገር የድንጋይ ከሰል የላትም ማለት ይቻላል። የተራራ ውሃ ግን አላት፤ ከእሱም ኤሌክትሪክ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሰል ከውጭ መምጣቱ ሲቸግር፣ የአገሪቱ ባቡር ድርጅት በጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የሚያመላልሱ ሁለት ትናንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች መረጠ። ቁጥራቸው 8521 እና 8522 ነው። ሦስት አክሰል ብቻ አላቸው። በ1943 አካባቢ በሾፌሩ ክፍል ጣሪያ ላይ፣ ኤሌክትሪክ ባቡር እንደሚይዘው ያለ ከላይ ሽቦ የሚነካ ፓንቶግራፍ ተተከለባቸው።

ሽቦው 15,000 ቮልት ነው። በሎኮሞቲቩ ላይ የተጫኑት ትራንስፎርመሮች ወደ 20 ቮልት ያወርዱታል። ቮልቱ በወረደ ልክ አምፔሩ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ እስከ 12,000። ይህ ሁሉ ጅረት ከትራንስፎርመሩ ወደ ማሞቂያው የሚሄደው በአጭርና ወፍራም መዳብ ነው፤ ረጅም ቢሆን ሙቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ፓምፕ የቦይለሩን ውሃ እየሳበ በማሞቂያዎቹ ያሳልፈዋል፤ እንፋሎትና ፍል ውሃ ሆኖ ይመለሳል። ሁለቱ ማሞቂያዎች ተደምረው 480 ኪሎ ዋት ይሰጣሉ። ይህ በሰዓት 600 ኪሎ ግራም ያህል እንፋሎት ለማፍላት ይበቃል። ፒስተኑ፣ መግፊያ ዘንጎቹ፣ ጎማዎቹ ምንም አልተነኩም። እንፋሎቱ ከየት እንደመጣ አያውቁም።

የእሳት ክፍሉም አልተነቀለም። ፍርግርጉ በቦታው ነው፤ የከሰል በሩ ይከፈታል። ሽቦ በሌለበት ሐዲድ ላይ ረዘም ላለ ሥራ ሲገባ እሳት ይነዳል። ለአጭሩ ግን ቦይለሩ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት 20 ደቂቃ ያህል ያስኬደዋል። የተጨመረው ክብደት 7 ቶን ነው፤ ከሴባስቶፖል ጋር ይቀራረባል። ጦርነቱ አልፎ ከሰል ሲገኝ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ፓንቶግራፉና ትራንስፎርመሮቹ ወረዱ። ሎኮሞቲቮቹ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። ይህ ሊሆን የቻለው ሲገጠም አንዳች ነገር ስላልተቆረጠ ነው።

እነዚህን ሥራዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የምመዝናቸው በሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ እጁ ያረፈው ኪሳራው ባለበት ቦታ ነው ወይ? ሻፕሎንና ጊዝል የአፍንጫውን ዙሪያ፣ ዋርዴል የሚበረውን ከሰል፣ ስዊሶቹ የጠፋውን ነዳጅ ያዙ። ሁለተኛው፣ አንዱን ሲያስተካክል ምን ሌላ ነገር ቀሰቀሰ? ፍራንኮና ክሮስቲ ሙቀት ለቅመው አሲድ አገኙ፤ የካሩ ማራገቢያ ውሃ አድኖ ምላሱን አስበላ። ሦስተኛው፣ ያልተነካው ምን ያህል ነው? በዚህ መለኪያ የስዊዘርላንዱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሎኮሞቲቩ እንደገባ ወጥቷል። በትርፍ ከሆነ ግን 3450 ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

ኮምቦልቻን የሚያልፈው የአዋሽ–ሐራ ገበያ መስመር የተሠራው ለኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ በሐዲዶቹ መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። እዚያ ጭስ ማውጫ አይኖርም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሥራ ማየት የሚፈልግ የወሎ ሰው ሙዚየም መሄድ ግድ ይለዋል። ናይሮቢ ከደረሰ ጎማውን ትቶ ወደ ፊት ይሂድ። ጠፍጣፋውን ጭስ ማውጫ በፊትና በጎን ይለካ። የጭስ ክፍሉ በር ተከፍቶ ካገኘው ጎንበስ ብሎ አፍንጫዎቹን ይቁጠር፤ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ይይ። ቁጥራቸውን ካወቀ ስኩዌር ሩቱን ያውጣ። የሚያገኘው አኃዝ መሐንዲሱ ለእሳቱ ስንት እጥፍ ዙሪያ እንደሰጠው ይነግረዋል።